አባቴና የቀኙ ወንበር

አባቴ ኡበይድ መኪና መንዳት ሳይለምድ በፊት አውሮፕላን ማሳረፍ ለምዷል። ይህን ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፤ እሱም አጠገቤ ካለ አብሮ ይስቅና ወሬው እዚያው ይቀራል። የሚስቀው ነገሩን ለመዝጋት መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ዘመኑ ዘጠና ስድስት ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሦስተኛ ክፍል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት በጥቅምት እንኳ አይላላም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የፕላስቲክ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ ጧ፣ ጧ ይል ነበር። በዚያ ዓመት የወረዳችን የቀወት ማሽላ ጥሩ ይዞ ነበር። ማሽላ ጥሩ ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይመጣል።

ግሪሳ ድንቢጥ የምታክል ወፍ ናት፤ አንዷን ብቻዋን ቢያዩዋት ታሳዝናለች። ግን ብቻዋን አትመጣም። ከጀውሃ ወንዝ በኩል ጭስ የሚመስል ነገር ይነሣል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ማሳው ላይ ይወድቃል። ገበሬው ቁርሱን በልቶ እስኪደርስ ባዶ አገዳ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የአባቴ ሥራ ወፎቹ የሚያድሩበትን ማግኘት ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግሩ በግራሩ ውስጥ ሲዞር ይውላል፤ ኩሳቸው ከሩቅ ይሸተዋል። አመሻሽ ላይ በትንሿ አውሮፕላን ከአብራሪው በስተቀኝ ይቀመጥና «እዚህ ጋ፣ ከወንዙ ማዶ» እያለ ያሳያል፤ አብራሪው መድኃኒቱን ይረጫል። ወፎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገኙት ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ስለሆነ ሥራው ሁልጊዜ ከጨለማ ጋር ሽሚያ ነው። ቤት ሲገባ ሱሪው እሾህ፣ ዓይኑ ቀይ፣ ለመናገር እንኳ የሚሰንፍ ነበር።

አብራሪው ካፒቴን አብዱልወሃብ ይባሉ ነበር። የካራቆሬ ሰው ናቸው። በወታደርነታቸው ዘመን ትልልቁን አብርረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ተበትነው፣ «በስተርጅና ወፍ አባራሪ ሆንኩ» ይሉ ነበር ራሳቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው የወረደ፣ ሲቀመጡም ሲነሡም «ያ ረቢ» የሚሉ ሰው። በወፍ ወራት እኛ ግቢ ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። ከኪሳቸው ከረሜላ አይጠፋም። ሲያዩኝ አንድ ለእኔ ይሰጡኛል፣ አንድ ደግሞ ራሳቸው ይልሳሉ። እንደ እኔ ጣፋጭ የሚወድ ትልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ በጣም እወዳቸው ነበር።

በጓዳችን ጥግ እርጥብ አሸዋ የተሞላ ማሰሮ ነበር። እናቴ ሙሚና የካፒቴኑን ትንንሽ ጠርሙሶች አሸዋው ውስጥ ትቀብርና ጠዋት ማታ ውሃ ታርከፈክፍበታለች።

«እጅሽን እንዳታስገቢ፤ የካፒቴኑ መድኃኒት ነው» አለችኝ።

መድኃኒት ሲባል እኔ የማውቀው የወፍ መድኃኒት ነው። የግሪሳ መርዝ ጓዳችን የተቀበረ መስሎኝ በዚያ ጥግ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ማቀዝቀዣ የሌላቸው የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊናቸውን እንዴት እንደሚያቆዩ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ፣ ጥላ። ሰዎቹ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ይመስላቸዋል።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አባቴና ካፒቴኑ በግቢያችን ጥላ ሥር ሁለት በርጩማ ጎን ለጎን አድርገው ተቀመጡ። ካፒቴኑ በግራ፣ አባቴ በቀኝ። ለመሪ የእናቴን ሰፌድ አመጡ፤ ለነዳጅ መስጫው ሙቀጫ ውስጥ የተተከለ ዘነዘና። እኔም ሮጬ ከኋላቸው ተቀመጥኩና በአፌ የሞተር ድምፅ ማሰማት ጀመርኩ።

«ግራ እጅህ ጉልበቷ ነው፣ ቀኝ እጅህ ጠባይዋ» አሉት ካፒቴኑ። «ሁለቱን አታጣላቸው። የፍጥነቱም የከፍታውም ሰዓቶች በሙሉ ያሉት እኔ ፊት ነው፤ አንተ በጎን ስለምታያቸው ያታልሉሃል። ድምፅዋን ስማ። ስትዳከም ራሷ ትነግርሃለች።»

አባቴ ሰፌዱን እንደ ሕፃን አቅፎ «እሺ ካፒቴን» አለ።

«አፍንጫዋ የዞረ ይመስልሃል። አልዞረችም፤ ከመሃል ወጥተህ የተቀመጥከው አንተ ነህ። መሬቱን ከእግርህ ሥር አትፈልገው፣ የሜዳውን ጫፍ እይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠብቅ። ቀስ በል። መሬት የትም አትሄድም።»

እኔ ሳቅኩ። ካፒቴኑም ሳቁ። እናቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። «ሰፌዴን መልሱልኝ» ብላ ነጥቃ ገባች። ለሰፌድ ይህን ያህል መቆጣቷ ገረመኝ።

በማግስቱ ልብስ እያጠበች ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔ ከሽቦው ጀርባ የተሰጣ አንሶላ ውስጥ ተሸሽጌ እጫወት ነበር።

«ሥራህ ወፍ ማየት ነው፣ ኡበይድ። ሌላው የአንተ አይደለም።»

«ማሳረፍ ብቻ ነው የምማረው።»

«እዚያ ላይ ሆነው ቢደክማቸውስ?»

«እሱን ብዬ አይደል የምማረው?»

«ለምን አርፈው ቤታቸው አይገቡም?»

«ማን ይተካቸዋል? ሌላ ሰው እስኪላክ ወፏ ቀወትን ትጨርሰዋለች። ማሽላው እስኪደርቅ ብቻ ነው፤ ከደረቀ አትበላውም። ይችን መከር ብቻ፣ ኢንሻአላህ።»

እናቴ ሸሚዙን ጠምዝዛ ውሃው ካለቀ በኋላም መጠምዘዟን አልተወችም። «ሁለታችሁም ደክማችኋል» አለች። «የደከመ ሰው የሚለውን አያውቅም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ካፒቴኑ ደክሟቸዋል፣ አባቴ ይተካቸዋል። ሰኞ ክፍላችን ውስጥ አባቴ ከመከር በኋላ ካፒቴን ሊሆን ነው ብዬ አወራሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አውሮፕላኗ ሜዳ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ሜዳው በግሬደር የተጠረገ የአፈር መንገድ ነው፤ አንደኛው ጎኑ ማሾ የተዘራበት ማሳ፣ ሌላው ቁጥቋጦ። ጠባቂው ጋሼ ኢብሮ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሥራቸው አህያና ፍየል ማባረር ነው። አውሮፕላኗ ስትመለስ ከግራሩ ሥር አብረን ቆመን እናያለን። ማን እንዳሳረፋት የሚያውቁት በአነካኳ ነበር።

«አንዴ ነክታ ዝም ካለች የካፒቴኑ ናት» ይሉኛል። «እንደ ፌንጣ ከዘለለች የአባትሽ።»

መጀመሪያ አራት ጊዜ ትዘል ነበር። ከዚያ ሦስት። ኅዳር ሲገባ ሁለት። እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ሁለት ስትሆን እጨፍር ነበር። አባቴ ከአውሮፕላኗ ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ እግሩ እንደ ጎረምሳ ግመል እየተወላገደ ነው፤ እኔ ግን የማየው ኩራት ነበር። ጎንበስ ብሎ እስኪስመኝ አልጠብቅም፣ እጠመጠምበታለሁ። «ቆዪ፣ ልጄ፣ ቆዪ፣ ልቀመጥ» ይለኛል።

በኅዳር አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ፀሐዩ ከጣርማ በር ተራሮች ጀርባ ሊገባ ሲል አውሮፕላኗ ከጀውሃ በኩል ተመለሰች። እንደ ሌላው ቀን ዞራ አልመጣችም። በቀጥታ መጣች፣ ከሜዳው በላይ ዝቅ ብላ አለፈች፣ ሞተሯ አጓርቶ እንደገና ወጣች። ጋሼ ኢብሮ አለንጋቸውን ጣሉ።

«ምነው? አህያ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ዝም በይ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቁርዓን እያነበነቡ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ዞራ መጣች። ክንፏ ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም ይላል። ነካች፤ ዘለለች። አንድ። ነካች፤ ዘለለች። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ከመንገዱ ወጥታ በማሾው ማሳ ውስጥ አረንጓዴውን እየበተነች ሄዳ፣ አንድ እግሯ ታጥፎ ጎንበስ ብላ ቆመች።

እኔ አጨበጨብኩ። ሦስት ብትዘልም የአባቴ መሆኗን አወቅሁ። እያጨበጨብኩ ሮጥኩ።

ስደርስ አባቴ የግራውን በር ከፍቶ ካፒቴኑን በብብታቸው ይዞ እየጎተተ ነበር። ከማሾው ላይ አስተኛቸው። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ላብ ከግንባራቸው እንደ ውሃ ይወርዳል፣ አፋቸው ተከፍቷል።

«ተኝተዋል?» አልኩ።

«ደክሟቸው ነው» አሉኝ ጋሼ ኢብሮ፣ በክንዳቸው ወደ ኋላ እየገፉኝ።

አባቴ ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣ። ጣቱን እየነከረበት የካፒቴኑን ድድና የጉንጫቸውን ውስጥ ያሻል። እንደ ሕፃን እያጎረሳቸው መሰለኝ፤ አፍሬላቸው ዞር አልኩ። ራሱን የሳተን ሰው ውሃ ማጠጣት እንደሚያንቅ የተማርኩት ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ኮሌጅ ውስጥ ነው። አባቴ ግን ያኔም ያውቀው ነበር፤ ካፒቴኑ አስተምረውታል።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ካፒቴኑ ዓይናቸውን ገለጡ። ሰማዩን፣ ከዚያ አባቴን አዩ።

«ማን አሳረፋት?»

«አንቱ ነዎት» አላቸው አባቴ።

«ኡበይድ።»

«ወላሂ አንቱ ነዎት፣ ካፒቴን።»

እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። አባቴ ብቻውን አሳርፎ፣ ያውም እሳቸው ተኝተው፣ ለምንድን ነው ለሳቸው የሚሰጠው? በሐሰት ሲምል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማታ ቤት ስንደርስ እናቴ የአባቴን እጅ ይዛ አየችው። ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት አብራው ተቀመጠች።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ ሰው መጡ። የአውሮፕላኗ እግር ለምን እንደታጠፈ ለመጠየቅ ነው የመጡት። መነጽር ያደረጉ፣ ከመንገዱ አቧራ የተነሣ የሚያስሉ ሴት ነበሩ። በግቢያችን ጥላ ሥር ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ካፒቴኑ፣ አባቴና ጋሼ ኢብሮ ከፊታቸው ተደረደሩ።

«አህያ ገባብን» አሉ ካፒቴኑ።

«አህያ ነው» አለ አባቴ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እመቤቴ» አሉ ጋሼ ኢብሮ። «ግራጫ አህያ። ከየት እንደመጣች አላየኋት።»

ወይዘሮ ማርታ ጻፉ። እናቴ ለእንግዳዋ ሻይ በእኔ እጅ ላከች። ብርጭቆውን ተቀብለው ፈገግ አሉልኝ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ሩዋይዳ።»

«አንቺም ነበርሽ? አህያዋን አየሻት?»

ሲጠይቁኝ ለጨዋታ ያህል ነበር፤ ብዕራቸውን እንኳ አስቀምጠው ነበር። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የከረምኩ ያህል ተሰማኝ። አባቴ ስለራሱ አይናገርም፤ እንግዲያስ እኔ ልናገርለት።

«አህያ አልነበረም» አልኩ። «አባዬ ነው ያሳረፋት። ብቻውን። ጋሼ አብዱልወሃብ ተኝተው ነበር። አባዬ ጎበዝ ነው፤ እዚህ በርጩማ ላይ ነው የተማረው። በቀኝ ወንበር ሆኖ ነው የሚያሳርፋት። መጀመሪያ አራት ጊዜ ትዘል ነበር፣ አሁን ሁለት ብቻ።»

ካፒቴኑ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። አባቴ እኔን ያየኛል፤ የሚቆጣ ዓይን አልነበረም፣ ምን ዓይን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ወይዘሮ ማርታ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ብዙ ዓመት ክፉ ሴት አድርጌ ይዣቸው ኖርኩ። ጠላኋቸው እንጂ ምንም አላጠፉም፤ የሰሙትን ጻፉ። ከመጻፋቸው በፊት ካፒቴኑን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁ፤ እሳቸውም «ሦስተኛ ዓመቱ ነው» አሉ። እኔ የሚያወሩት ስለ ትምህርቱ መስሎኝ ነበር።

መኪናቸው ከሄደ በኋላ ጋሼ ኢብሮ በአጠገቤ ሲያልፉ «አህያችንን ገደልሽብን፣ ልጄ» አሉኝ። ካፒቴኑ ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። አባቴ ወደ ክፍላችን ገባ፤ በሩ ተዘጋ። የቀትሩ ሶላት ዙሁር እንኳ ገና አልተሰገደም ነበር። ወደ እናቴ ሮጥኩ፤ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር። ጎትታ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ እያለቀሰች «አልሐምዱሊላህ» አለች። አንድም አልገባኝም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስከ መግሪብ ሁለቱን የተዘጉ በሮች እየተመለከትኩ ቆየሁ። ውስጥ ሆነው በእኔ እየተናደዱ፣ ከቁጣቸው የተነሣ መናገር ያቃታቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኑ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። እናቴ ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ተሸሽጌ ነበር፤ አገኙኝ። ጉልበታቸውን ይዘው «ያ ረቢ» እያሉ ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ነሽ አይደል የነገርሽው?»

በራሴ ነቀነቅሁ።

«ደግ አደረግሽ» አሉኝ።

በእኛ ቤት «ደግ አደረግሽ» የሚባለው ወተት ስደፋ ነው። ብርጭቆ ስሰብር ነው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ በሦስተኛው ዓመት ካራቆሬ በአልጋቸው ላይ ሞቱ ሲባል ሰማሁ። አባቴ ሊቀብር ሄደ፣ እኔ ግን ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

አባቴ ከሥራው ተሰናበተ። የአውሮፕላኗ እግር ቶሎ ተጠግኖ ነበር፤ ግን ሸራ ለብሳ ሌላ አብራሪ እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመች። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ግሪሳ በጀውሃ በኩል ያለውን ማሽላ በላችው። ሰዎች ማሳቸው ውስጥ ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ እየጮኹ ዋሉ። የእናቴ ወንድም ማሳም አልተረፈም። ማንም እኔን አልወቀሰኝም። ግን ልጅ ሁሉን ይሰማል፤ የቆርቆሮው ጩኸት ስሜን የሚጠራ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሁለት ዓመት ያገኘውን ሲሠራ ቆይቶ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። በሙቀቱ፣ በአቧራው፣ እስከ ባለፈው ዓመት ነዳ።

ባለፈው ጥር አንድ ገበሬ ራሱን ስቶ በባጃጅ ጤና ጣቢያችን አመጡት። አመድ የመሰለ ፊት፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ላብ። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠሁት። ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን፣ ከዚያ እኔን አየና «ማን ነው ያመጣኝ?» አለ። የስኳር ማነስ ስንትና ስንት ጊዜ አክሜአለሁ። በሽታው የካፒቴኑ እንደነበረም ከኮሌጅ ጀምሮ ልቤ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን መርፌውን እንደያዝኩ የሰማሁት «ማን አሳረፋት?» የሚለውን ነበር።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ አባቴ ጋ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ለጉልበቱ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን እዚያ ላይ ምን ሆነ?»

አልሳቀም። እኔም እንደማልስቅ አይቷል።

«መድኃኒቱን ረጭተን ስንመለስ፣ ከረሜላ ስጠኝ አሉ» አለ። «ሰጠኋቸው። ልጠው መጉረስ አቃታቸው። ላጉርስዎት ስል እጃቸው ከመሪው ወረደ። ከዚያ አንድም ቃል የለም። እየመሸ ነው። ሜዳውን እንኳ ለይቼ አላየውም። መጀመሪያ ስመጣ ፈጥኜ ነበር፣ ፈራሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ። በሁለተኛው፣ ልጄ፣ አንቺን አየሁሽ። ከጋሼ ኢብሮ ጎን፣ ቀይ ቀሚስ። አሳርፋታለሁ አላልኩም፤ አንቺ ላይ እንዳልወድቅ ብቻ ነው ያልኩት። ለዚህ ነው ወደ ማሾው የሄድኩት።»

እኔ እያጨበጨብኩ ነበር። አልነገርኩትም፤ ስሮጥ ሳያየኝ አልቀረም።

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ይኸው እስከ ዛሬ ያጠፋኋችሁ መስሎኝ ነው። እሳቸው እንኳ ሲሄዱ ደግ አደረግሽ ብለው...»

«ደግ ነዋ ያደረግሽው!» አለ ተገርሞ። «እሳቸው የማያምኑበትን የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።»

«ማሽላው ተበላ።»

«ተበላ።» ጉልበቱን በመዳፉ አሸ። «ያንን አላቀልልሽም፤ ተበላ። ሰው ተራበ። እኔም እንጀራዬን አጣሁ። ግን እኛ መቆም አቅቶን ነበር፣ ሩዋይዳ። ዛሬ እንተው ስንል ነገ ጭሱ ይነሣል፤ ነገ እንተው ስንል ከነገ ወዲያ። ማን አፉን ይክፈት? እሳቸው አፈሩ፣ እኔ ፈራሁ። ሰባት ሳምንት በሌሊት ዓይኔን ስከድን የምሰማው የሞተሩን ድምፅ ነው። እሳቸውም ከግድግዳው ወዲያ ሲገላበጡ እሰማቸዋለሁ። አንቺ ያን ጠዋት ስትናገሪ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ ሰውነቴ ሁሉ ሲፈታ ተሰማኝ። ክፍሌ ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።»

«በሩን ዘግታችሁ ዝም አላችሁ» አልኩት። «እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ እስኪመሽ ጠበቅኋችሁ። የተቆጣችሁ መስሎኝ።»

«ምን ቁጣ አለ» አለ አባቴ። «ተኝተን ነው።»